የጋሽ ሜትር የካሜራ ቦርሳ

ጋሽ ሜትር ሰውን በፊቱ አያውቅም። መንገድ ላይ ሰላም ያለው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ትከሻውን ያያል፣ ቀጥሎ ወገቡን። «አሃ፣ ትከሻ አርባ አራት፣ ወገብ ዘጠና ሁለት» ይልና ስሙ ትዝ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። የራሱም ስም ሌላ ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሜትሩን ከአንገቱ ያላወረደን ልብስ ሰፊ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራ ሰፈር የት ይገኛል? ተኝቶም አያወልቀውም የሚሉ አሉ። ይኼ እንኳ ውሸት ነው፤ ሲተኛ ራስጌው ካለው ምስማር ላይ ይሰቅለዋል።

ሱቁ በመንገዱ በኩል መስታወት ያለው አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ በተዘረጋው ብረት ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ልብሶች ተሰቅለዋል። ከነሱ መካከል አንድ ቡናማ ካፖርት አለ፤ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። ጋሽ ሜትር ጠዋት ሱቁን ሲከፍት «እንደምን አደርክ» የሚለው እሱን ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች አሉ። አንዱ የእሱ ነው፤ ሁለተኛው የእህቱ ልጅ ክፍል ይባላል፤ ልጅቷ ግን ከወጣች አሥር ዓመት ሆኗታል።

ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ የተበላ ወፍራም ደብተር አለ። እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ገጽ አለው። የጋሽ ሜትር ሕግ አንድ ነው፦ አንዴ የለካውን ሰው ሁለተኛ አይለካም። ሰውየው ከሦስት ዓመት በኋላ ሆዱን አስቀድሞ ሲገባ ጋሽ ሜትር ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ያየዋል። «ስድስት ጨምረሃል» ይለውና የድሮውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን ይጽፋል። ደግሞ አይስትም። አንድ ጊዜ የተጠራጠረ ደንበኛ በራሱ ሜትር ለክቶ ቢያየው ልክ ስድስት ሆኖ አገኘውና አፍሮ ይቅርታ ጠየቀው ይባላል። በዚህ የተነሳ ሰውየው ኩራቱ አይጣል ነው። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ይላሉ ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች፤ እሱ አንድ ጊዜ ለክቶ አሥር ጊዜ ይቆርጣል።

እህቱ ስትሞት ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ቀድሞ ጥሏቸው የሄደ ሰው ስለነበር የሚወስዳት ዘመድ ጠፋ። ትዳር ይዞ የማያውቀው ልብስ ሰፊ በአንድ ጊዜ አባትም እናትም ሆነ። ምግብ ማብሰሉን አልቻለበትም፤ ማልበሱን ግን ቻለበት። ቀሚሷን፣ ዩኒፎርሟን፣ የሌሊት ልብሷን፣ የአሻንጉሊቷን ካፖርት ሳይቀር ሰፋላት። «እሜቴ» ይላታል። እሷም «አጎቴ» ትለዋለች። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ከገበያ የተገዛ ሱሪ ለብሳ መጣች። ስፌቱ የት የት ላይ እንደተዘለለ በልቡ አንድ ባንድ ቆጠረው። ከዚያ ወዲያ የሰፋላት ነገር የለም።

ትምህርቷን ስትጨርስ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደች፤ ፎቶ አንሺ ሆነች። ለጋዜጣ ነው የምታነሳው፤ ጎርፍ፣ ስብሰባ፣ የተገለበጠ የጭነት መኪና። እሑድ እሑድ ትደውላለች። «በላህ? ጤናህስ? ጉንፋኑ ተሻለህ? በል ቻው» ትልና ስልኩ ይዘጋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሊነግራት ሲያጠራቅመው የከረመው ወሬ አፉ ውስጥ ይቀራል። በዓመት አንዴ ትመጣለች። ነገሩን ሳናድበሰብስ እንናገረው፦ ጋሽ ሜትር ብቸኛ ሰው ነበር። ደንበኛ ሲበዛ አይታወቀውም። ከሰዓት በኋላ፣ የስፌት መኪናው ዝም ሲል፣ የራሱ የጉሮሮ ድምፅ ሲያስደነግጠው ነው የሚያውቀው።

አንድ እሑድ ልጅቷ ከወትሮው ቀደም ብላ ደወለች።

«አጎቴ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለችው።

«ምን ሆንሽ? አንቺ ደህና ነሽ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ሌንሴ ተሰበረ። አውቶቡስ ላይ ቦርሳዬ ከላይ ወደቀ። በሹራብ ጠቅልዬው ነበር እኮ!»

«በሹራብ! የመስታወት ዕቃ በሹራብ ይጠቀለላል?»

«ምን ላድርግ? የሚሸጡት ቦርሳዎች ግዙፍ ናቸው፤ ትከሻዬን ገነጠሉት። ደግሞ ሌባ ገና ከሩቅ ነው የሚያውቃቸው።» ወሬውን ቀየረች። «ሰማህ አጎቴ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ለሥራ በእናንተ በኩል እናልፋለን። ብቅ እላለሁ።»

«ታድሪያለሽ?»

«እናያለን።»

«እናያለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጋሽ ሜትርም ያውቃል። ማወቅ ግን ከመመኘት አያግድም።

ስልኩን እንዳስቀመጠ ተነስቶ ሱቁ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተንጎራደደ። ቦርሳ ይሰፋላታል። ትንሽ፣ ቀላል፣ ከውጭ ሲያዩት የምሳ ዕቃ የያዘ የሚመስል፣ ከውስጥ ግን እንደ ፍራሽ የተሞላ ቦርሳ። ካሜራው አንድ ክፍል፣ ሌንሶቹ ሌላ ሌላ ክፍል ይኖራቸዋል፤ እርስ በርስ አይነካኩም። እሷ ያንን ቦርሳ ካነገተች ጎርፉም ጋ፣ ስብሰባውም ጋ የእሱ እጅ አብሯት ይሄዳል። አንድ ሰው «ከየት ነው የገዛሽው?» ቢላት «አጎቴ ነው የሰፋልኝ» ትላለች። ይችን አንዲት ቃል በሌለበት እንኳ ቢሆን እንድትናገርለት ፈለገ። ከዚህ በላይ የፈለገው ነገር አልነበረም፤ ለእሱ ግን ይኼ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ችግሩ ካሜራውን በእጁ ነክቶት አለማወቁ ነው። ያለው አንድ ፎቶ ነው። ልጅቷ መስታወት ፊት ቆማ፣ ካሜራውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ራሷን አንስታ በስልኩ የላከችለት ነው። ስልኩን ይዞ ሁለት በር አልፎ ወዳለችው የፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። ባለቤቷ አፏም ማሽኗም የማያርፉ ሴት ናት።

«ይኼን በትልቁ አውጪልኝ» አላት።

«ውይ፣ ልጅቷ! እንዴት አምሮባታል! ለግድግዳ ነው?»

«ለልኬት ነው። የካሜራዋን ቦርሳ ልሰፋ ነው።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ከማሽኑ እየሳበች ቀና ብላ አየችው። «እና አትጠይቃትም እንዴ? ‹ካሜራሽ ስንት በስንት ነው› ብትላት እኮ በአንድ ደቂቃ ጽፋ ትልክልሃለች።»

«ያሳደግኳትን ልጅ ልክ ሰው ይንገረኝ?»

«የልጅቷን መች አልኩህ፣ የካሜራውን ነው እንጂ!»

«የእሷን ካወቅኩ የካሜራውንም አውቃለሁ» አለና ወረቀቱን ተቀብሏት ወጣ።

ሴትዮዋ ከኋላው «ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም!» አለችው። ሰምቷታል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሄደ።

አሠራሩ ሲታይ ብልህ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ካሜራውን ለካ፣ ከዚያ ካሜራውን የያዘችበትን መዳፍ ለካ። ካሜራው በስፋት የመዳፏ ልክ ሁለት እጥፍ ሆነ። እንግዲህ የመዳፏ እውነተኛ ልክ ከታወቀ ሌላው ሁሉ ታወቀ ማለት ነው። ደብተሩን አነሳና የእሷን ገጽ ገለጠ። ከትከሻና ከወገብ ቁጥሮች በታች፣ በጥጉ፣ «መዳፍ፣ ስድስት ተኩል» ይላል። በአንድ ብርዳም ወቅት ጓንት ሲሰፋላት የለካው ነው። ሁለት ጊዜ ስድስት ተኩል አሥራ ሦስት። በደስታ ጠረጴዛውን መታው።

ስህተቱ የተሠራው እዚህ ጋ ነው። ያ ጓንት የተሰፋው ልጅቷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ነበር። የትከሻዋ፣ የወገቧና የቁመቷ ቁጥር እያደገች ስትሄድ በዓይኑ እያየ አራት አምስት ጊዜ ተሰርዞ ተስተካክሏል። መዳፏን ግን ከጓንቱ በኋላ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም። ሰው «አደግሽ» ሲል ቁመት ያያል እንጂ እጅ መች ያያል? ቁጥሩ ሰረዝ ሳይነካው በንጽሕና ስለተቀመጠ እርግጠኛ መሰለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱስ ልማዱ ነው።

ቀጥሎ ስፖንጅ ፍለጋ ተነሳ። ለኮት ትከሻ የሚያስገባው ስፖንጅ ሲጫኑት ይሟሽሻል። ከፍራሽ ነጋዴው ያመጣው ቁራጭም የዳቦ ልብ ነው። ጠንካራና ጥሩ ስፖንጅ ያለው ቤቱ ውስጥ ነበር፦ የልጅቷ ፍራሽ። መቀሱን ይዞ ክፍሏ ገባ። አንሶላውን ከግርጌ በኩል ገለጠው። ጫፉን በጠመኔ አሰመረ። ከዚያ መቀሱን እንደከፈተ ቆመ። ከዚህ ፍራሽ ላይ አንድ ስንዝር ከቆረጠ «ከእንግዲህ እዚህ አታድርም» ብሎ በገዛ እጁ እንደመፈረም ሆነበት። የጠመኔውን መስመር በመዳፉ አበሰና አንሶላውን መልሶ አለበሰው። ወደ ራሱ ክፍል ሄዶ የራሱን ፍራሽ ከግርጌው ሁለት ስንዝር ቆረጠው። የእሱም ፍራሽ ከእሷው ጋር፣ በአንድ ቀን የተገዛ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልበቱን አጥፎ ይተኛል። «ሽማግሌ ያጥራል፤ ፍራሹም አብሮ ቢያጥር ምን አለበት» እያለ ራሱን ያጽናናል።

ለውጩ ከአሮጌ የሱቅ መጋረጃ የቀረ አመድማ ሸራ አገኘ። ለገበሩ ለስላሳ ሰማያዊ ፍላኔላ መረጠ፤ መስታወት እንዳይጭር። የስፌት መኪናው ሸራና ስፖንጅ አንድ ላይ ሲሰጡት አሻፈረኝ አለ። ሁለት መርፌ ሰበረበት፤ ሦስተኛው ሲሰበር ተሳድቦ ተነሳና ከጫማ ሰፊው ወስፌና የሰም ክር ተዋሰ። ከዚያ ወዲያ የሰፋው በእጁ ነው። ጣቶቹ ሁለት ቦታ ተበሱ። ለሰው ልብስ ሁልጊዜ ትንሽ መላወሻ ይተዋል፤ ሰው ይበላል፣ ይቀመጣል፣ ይተነፍሳል። ለዕቃ ግን መላወሻ ጠላቱ ነው፤ ከተላወሰ ይጋጫል፣ ከተጋጨ ይሰበራል። ስለዚህ የካሜራውን ክፍል ልክ በልክ፣ አንዲት ክር የማታስተርፍ አድርጎ ጠበቅ አድርጎ ሰፋው። በሥራው ኮርቶ ነበር። «አይዞህ፣ ትችላለህ» ይለዋል ቦርሳውን፣ ክሩን በጥርሱ እየቆረጠ። ከካፖርቱ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴት በመስታወቱ ስታልፍ ጋሽ ሜትር እንቁላል ቦርሳ ውስጥ ሲከት አየችው። ቆመች። ቦርሳውን ዘጋው፤ ከጠረጴዛው ከፍታ ለቀቀው፤ ከፈተው፤ እጁን ከተተ፤ ፊቱ ጠቆረ። ጨርቅ አምጥቶ ፍላኔላውን መጥረግ ጀመረ።

በሩን ከፍታ «ጋሽ ሜትር፣ ዶሮ ልታረባ ነው እንዴ?» አለችው።

«ከሥር ስስ አድርጌዋለሁ፤ አንድ ድርብ ይጨመርበታል» አለ፣ ቀና ሳይል።

በማግስቱ ድርቡን ጨምሮ ጠራት። ዘንድሮ ሰው ሲጠራ የመጀመሪያው ነው ብላ እየሳቀች መጣች። እንቁላሉን ራሷ ከተተችው፤ ቦርሳውን ራሷ ለቀቀችው። እንቁላሉ ደህና ወጣ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሐኪምም እንዲህ አይሰፋ!» አለች። ጋሽ ሜትር የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሲያፏጭ ዋለ። እንቁላል መጠኑ ሳይጠየቅ የሚገባ ዕቃ መሆኑን ያሰበበት አልነበረም።

ሐሙስ ደረሰ። ማለዳ ተነስቶ የልጅቷን ክፍል አናፈሰ፣ አንሶላ ቀየረ፣ ሱቁን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ በነጭ ጨርቅ ሸፈነው። ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ እንግዳ አለብኝ» እያለ መለሰ። አራት ሰዓት ላይ አንድ ነጭ መኪና መስታወቱ ፊት ቆመ። ውስጡ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሞተሩም አልጠፋም።

ልጅቷ በሩን ከፍታ ገባች፤ አንገቱን አቅፋ ሁለት ጉንጩን ሳመችው። ካሜራው በግራጫ ሹራብ ተጠቅልሎ ብብቷ ሥር ነው።

«ከስተሃል አጎቴ።»

«አንቺ ነሽ የከሳሽ። ሁለት ቀንሰሻል፣ ከወገብ። ተቀመጪ እንጂ!»

«አልቀመጥም፤ እየጠበቁኝ ነው። ከሰዓት በፊት መድረስ አለብን። ሃያ ደቂቃ ብዬ ነው የለመንኳቸው።»

ሃያ ደቂቃ። ጋሽ ሜትር ነጩን ጨርቅ ገለጠው።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ቦርሳውን አነሳችው፣ አገላበጠችው፣ ክዳኑን ከፈተችው። ጣቷን በፍላኔላው ላይ አሳለፈች። «በእጅህ ነው የሰፋኸው?» አለች። «አጎቴ! ይኼ እኮ ከሚሸጡት ሁሉ ይበልጣል።» ድምፅዋ እውነተኛ ነበር። ያቺ ደቂቃ ለጋሽ ሜትር ሦስቱን ሳምንት ሁሉ ካሰችው።

«ክተቺው እንጂ፤ እንይ» አላት።

ካሜራውን ከሹራቡ አውጥታ ወደ ክፍሉ አወረደችው። ጫፉ ገባ፤ ከዚያ ቆመ። አዞረችው። በሌላ ጎኑ ሞከረችው። ስፖንጁን በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ጫን አለችው፤ ስፌቱ ሲጥ አለ። አንድ ጣት ያህል ነው የጎደለው።

«ሌንሱን ነቅዬ ልሞክረው» አለች፣ ቶሎ ብላ። ነቀለችው። አሁንም አልገባም።

«ምንም አይደል! ሌንሶቹን እይዝበታለሁ፣ ቻርጀሩንም፣ ባትሪውንም። እንዲያውም የሚያስፈልገኝ ይኼው ነበር።»

ጋሽ ሜትር ይኼን ድምፅ ያውቀዋል። ቀሚስ የጠበባቸው ሴቶች መስታወት ፊት ቆመው «ቤት ሄጄ በደንብ አየዋለሁ፣ ያምራል» ሲሉ የሚያወጡት ድምፅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሰምቶታል። ከእሷ አፍ ግን ሰምቶት አያውቅም።

«ተይው» አላት። «አልሆነም።»

«ሆኗል አጎቴ—»

«አልሆነም አልኩሽ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

ከውጭ የመኪናው ሞተር ይሰማል።

«በምን ለካኸው?» አለችው በመጨረሻ።

ወረቀቱን አሳያት፤ ደብተሩን ገልጦ ቁጥሩን በጣቱ ነካው። መጀመሪያ ሳቀች። «በእጄ! አንተ ሰውዬ! ሰው ካሜራ በእጅ ይለካል?» ሳቋ መሃል ላይ ዓይኗ ከቁጥሩ ጎን በትንንሽ ፊደል ወደ ተጻፈው ዓመት ሄደ፤ ሳቁም ጠፋ። መዳፏን ገጹ ላይ ዘርግታ አየችው።

«ያኔ እኮ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር» አለች።

ጋሽ ሜትር እጇን አየው። ጣቶቹ ረዣዥም ናቸው፤ በአመልካች ጣቷ ጎን ካሜራ በመጫን ብዛት የጠነከረ ቆዳ አለ፤ አውራ ጣቷ ላይ እሱ መቼ እንደተቆረጠች የማያውቀው ጠባሳ አለ። የትልቅ ሰው እጅ ነው። መንገድ ላይ ቢያየው የማን እንደሆነ አያውቀውም ነበር።

«ለምን አልጠየቅከኝም? አንድ መልእክት ብትልክልኝ እኮ...»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልዶ ያልፈው ነበር። አሁን ግን ቀልድ አልመጣለትም። «ከጠየቅኩሽ አላውቃትም ማለት ነው ብዬ ነዋ» አላት። «የማውቀው አንቺን ብቻ ነው፤ አንቺንም ካላወቅኩ ማንን አውቃለሁ?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስታወቱ ዞረች። መኪናው አንድ ጊዜ ጡሩምባውን ነፋ፤ በትህትና፣ አጠር አድርጎ።

ጋሽ ሜትር ያን ጊዜ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደው። ካሜራውን ከነሌንሱ ወርዱን፣ ቁመቱን፣ ውፍረቱን ለካ። ሌንሶቹን አንድ ባንድ አቁሞ ዙሪያቸውን ለካ። «እጅሽን አምጪ» አላትና መዳፏንም ለካ፤ ሰባት ተኩል። የድሮውን ሰርዞ ጻፈው። አንድን ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲለካ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

«ፈትቼ ለመስፋት ግማሽ ቀን ይበቃኛል። ስትመለሺ ትወስጂዋለሽ» አላት። «መቼ ትመለሳላችሁ?»

«በዚህ በኩል አንመለስም አጎቴ። በላይኛው መንገድ ነው።»

«እሺ። በአውቶቡስ እልክልሻለሁ።»

«እሺ።»

መኪናው ሁለተኛ ጊዜ ጮኸ። ልጅቷ ካሜራውን በሹራቡ መልሳ ጠቀለለችው። ስታቅፈው ከቀድሞው ጊዜ ትንሽ ረዘም አደረገችው፤ ከዚያ ወጣች። ሃያ ደቂቃው አላለቀም ነበር፤ አራት ደቂቃ ይቀረዋል። ጋሽ ሜትር በመስታወቱ ውስጥ መኪናው እስኪታጠፍ አየና ተቀመጠ። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ስፌቱን በመርፌ ጫፍ መተርተር ጀመረ። ሁለት ሳምንት የፈጀ ስፌት ለመፍታት ሩብ ሰዓት አይሞላም። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴት በበሩ ብቅ ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። የተተረተረውን አይታ እንደገና ዘጋችው። «ደህና ዋል» ብላው ሄደች። ካወቃት ጀምሮ አጭሩ ንግግሯ ይኼ ነው።

ስፖንጁን ነቅሎ ሊጨርስ ሲል ስልኩ ጮኸ። እሑድ አይደለም። በድንጋጤ መርፌውን ጣለው።

«ምን ረሳሽ?»

«ምንም።» ከጀርባዋ የመኪናው ድምፅና የሰዎች ወሬ ይሰማል። «ጫማህን አይቼው ነበር አጎቴ። ሶሉ አልቋል።»

«ደህና ነው እኮ! የሚያንሸራትተው ሲዘንብ ብቻ ነው።»

«ነገ የምንሄድበት ከተማ ጥሩ ጫማ ይሠራሉ አሉ። ልገዛልህ ብዬ ስንት ቁጥር እንደምታደርግ ሳስበው...» አለችና ቀጠለች። «ይኼን ሁሉ መንገድ ሳስበው መጣሁ። አላውቀውም። አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ አጎቴ፣ አላውቀውም።»

ጋሽ ሜትር የሰፈሩን ሰው ሁሉ አንገትና ብብት፣ ወገብና ክንድ ለክቷል። እሱን «ስንት ነህ?» ያለው ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። የገዛ ልብሱን እንኳ የሚሰፋው አሮጌውን አስተኝቶ በላዩ እየቆረጠ ነው።

«አለህ? አጎቴ?»

«አለሁ።»

«እና ስንት ቁጥር ነው?»

አርባ አንድ ነው። ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ አርባ አንድ ነው፤ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁትም ይናገረዋል።

«እሱን እንግዲህ ለክቼ ነው የምነግርሽ» አላት። «በግምት አይሆንም። እንዳትዘጊው።»

«አልዘጋውም።»

«ጊዜ ይወስዳል።»

«ይውሰድ፤ መንገዱ ረጅም ነው» አለችው።

ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ይዞ ጎንበስ አለና የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ።